እንግሊዝ ውስጥ ቤት ልታጡ ከሆነ ካውንስልን እንዴት ትጠይቃላችሁ?

ይህ ጽሑፍ እንግሊዝ ውስጥ ለምትኖሩ ነው። አከራያችሁ ውጡ ብሏችሁ ይሆናል። የስደተኛነት ወረቀት አግኝታችሁ ሆም ኦፊስ (የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት) ከሰጣችሁ ቤት የምትወጡበት ቀን ደርሶ ይሆናል። ሰው ቤት ተጠግታችሁ ሰውየው ፊቱ መጥቆር ጀምሮ ይሆናል። ወይም ቤታችሁ ውስጥ በሰላም ማደር አልቻላችሁ ይሆናል። በእነዚህ ሁሉ ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ በሕግ የታዘዘው ሥራ አለ። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚህ የምጽፈው ለእነሱ አይሠራም። ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አበሻ ሃውዚንግ ቢሮ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ቀን ነው። ሻንጣውን እየጎተተ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ። ሰው አጅቤ ስመላለስ ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው፣ እና ሁሌም ያሳዝነኛል። ሕጉ የተሠራው ቀድሞ ለሚመጣ ሰው ነው። በዚያ ላይ የሚሠራው በወረቀት ነው። በቃል የተነገረን ነገር ማንም አያስታውስላችሁም።

በሕግ ዓይን ቤት አልባ ማን ነው?

ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ብቻ ይመስለናል። አይደለም። ሶፋ ላይ እየተኛችሁ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የምትሉ ከሆነ ቤት አልባ ናችሁ። ያስጠጋችሁ ሰው "ከእንግዲህ አይቻልም" ካለም እንደዚያው። ቤት ኖሯችሁ እዚያ ስትኖሩ የምትደበደቡ ከሆነ፣ የ1996ቱ የቤቶች ሕግ ቤት እንደሌላችሁ ይቆጥራችኋል።

ገና ቤታችሁ ውስጥ ሆናችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ። በ56 ቀን ውስጥ ቤት የማጣት ዕድል ካላችሁ ካውንስሉ ከወዲሁ የመርዳት ግዴታ አለበት። ይህን ያመጣው በ2017 የወጣውና በኤፕሪል 2018 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ነው። ፕሪቬንሽን፣ መከላከል፣ ይሉታል። ቤቱን ካጣችሁ በኋላ ደግሞ ሪሊፍ የሚባለው ሌላ 56 ቀን ይጀምራል።

እዚህ ላይ ላጤዎች ልብ በሉ። "ልጅ የለኝም፣ ካውንስል አይመለከተኝም" የሚል ሰው ብዙ ነው። ሁለቱም ግዴታዎች ልጅ ላለውም ለሌለውም ናቸው። ላጤ ስለሆናችሁ ክፍል ላይሰጧችሁ ይችላሉ። ጉዳያችሁን መመዝገብ፣ ፕላን ማውጣትና ቤት ለማግኘት ማገዝ ግን አለባቸው። ለዲፖዚት ወይም ለመጀመሪያ ወር ኪራይ ገንዘብ የሚሰጡ ካውንስሎች ብዙ ናቸው። ይህ የሚገኘው ግን ጉዳያችሁ ከተመዘገበ ነው።

ወረቀታችሁ ይፈቅዳል ወይ?

መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄ ነው። ዜጋ የሆነ፣ የስደተኛነት ወረቀት ወይም ሂውማኒቴሪያን ፕሮቴክሽን ያገኘ፣ ያለ ገደብ የመኖር ፈቃድ ያለው፣ በመደበኛው ይፈቀድለታል። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ከካውንስል ሃውዚንግ አያገኝም። የእሱ ድጋፍ ከሆም ኦፊስ ነው። በተማሪ፣ በሥራ ወይም በትዳር ቪዛ ያለና ቪዛው ላይ "ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ" (ከመንግሥት ድጎማ መጠቀም አይቻልም) የሚል ያለበት ሰውም አይፈቀድለትም።

ያ ማለት ግን በሩ በሙሉ ተዘጋ ማለት አይደለም። ልጆች ካላችሁ በ1989ኙ የልጆች ሕግ አንቀጽ 17 መሠረት የካውንስሉ ሶሻል ሰርቪስ ቤተሰቡን በአንድ ላይ ማገዝ ይችላል። ስትሄዱ "ሃውዚንግ" አትበሉ፤ "ችልድረንስ ሰርቪስ" ብላችሁ ጠይቁ። በትዳር ቪዛ መጥታ የምትደበደብ ሴት ደግሞ ለሦስት ወር ቤኔፊትና ቤት እንድታገኝ የሚያስችል ልዩ ፈቃድ ከሆም ኦፊስ መጠየቅ ትችላለች። ከመጠየቋ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታማክር፤ የቪዛዋ ሁኔታ ስለሚለወጥ በችኮላ የሚደረግ አይደለም።

ከቤታችሁ አትውጡ

አከራይ "በሁለት ሳምንት ልቀቅ" ብሎ ቴክስት ስለላከ ብቻ ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው አለ። አታድርጉት። በራሳችሁ ፈቃድ ቀድማችሁ ከወጣችሁ ካውንስሉ "ሆን ብለህ ነው ቤት ያጣኸው" ሊላችሁ ይችላል። ኢንቴንሽናሊ ሆምለስ የሚሉት ነው። ይህን ከወሰነ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው።

ተከራይ ከሆናችሁ ኖቲሱ (የማስወጫ ማስጠንቀቂያው) በጽሑፍ መሆን አለበት። ኖቲሱ አልቆ እንኳን አከራዩ ሊያስወጣችሁ የሚችለው በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ከዚያም በቤይሊፍ፣ ማለትም በፍርድ ቤቱ አስወጪ ሠራተኛ፣ ነው። ቁልፍ መቀየር፣ መብራት ማጥፋት፣ ዕቃ ውጭ መጣል በ1977ቱ ሕግ መሠረት ወንጀል ነው። እንደዚያ ከተደረገባችሁ ለካውንስሉ የዚያኑ ቀን ደውሉ። ፖሊስ መጥራትም ትችላላችሁ።

በ2025 የወጣው የተከራዮች መብት ሕግ ሴክሽን 21 የሚባለውን፣ ያለ ምንም ምክንያት የማስወጫ ኖቲስ፣ ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አስቀርቶታል። ከዚያ ወዲህ አከራይ ምክንያት ማቅረብ አለበት። ቤቱን ልሸጥ ነው ወይም ራሴ ልገባበት ነው ካለ የአራት ወር ኖቲስ መስጠት ይጠበቅበታል። አራት ወር ተሰጠኝ ብሎ ግን መተኛት የለም፤ ኖቲሱ የደረሳችሁ ሰሞን ምክር ጠይቁ።

አከራዩ አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ፣ ማለትም ከአንድ ቤተሰብ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ኩሽናና ባኞ የምትጋሩ ከሆነ፣ ነገሩ ይለያል። ያን ጊዜ ፍርድ ቤት አያስፈልግም፤ ተመጣጣኝ ጊዜ ከሰጧችሁ በቂ ነው። የኛ ሰው አብዛኛው የሚኖረው እንደዚህ ስለሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ውጡ ከተባላችሁ ቀኑንና ምክንያቱን በአንድ ገጽ ጽፈው እንዲፈርሙላችሁ ጠይቁ። ቴክስትም ቢሆን ይሠራል። ካውንስሉ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ማስረጃ እሱ ነው።

ኪራይ ካለባችሁም ዝም አትበሉ። ከአቅም በላይ ሆኖ ያልተከፈለ ኪራይ ሆን ብሎ ካልተከፈለ ኪራይ ይለያል፤ ልዩነቱን የሚያሳየው ደግሞ የባንክ ስቴትመንታችሁና የሥራ ሰዓታችሁ መቀነሱን የሚያሳይ ፔይስሊፕ ነው። የማስወጫ ኖቲስ ከደረሳችሁ ከ2023 ጀምሮ መንግሥት የሚከፍለው ነፃ የጠበቃ ምክር አለ። ገቢያችሁን አይጠይቅም። ፍርድ ቤት በቀጠሮው ቀን ደርሳችሁም ቢሆን "ዲዩቲ አድቫይዘር (በዕለቱ ፍርድ ቤት የሚገኝ ነፃ አማካሪ) አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ምን ትይዛላችሁ?

መታወቂያና የመኖሪያ ፈቃድ። አሁን የፕላስቲኩ ካርድ ቀርቶ ኢቪዛ ሆኗልና ኦንላይን ገብታችሁ ሼር ኮድ (ፈቃዳችሁን ለሌላ የምታሳዩበት ኮድ) ማውጣት ተለማመዱ፤ ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ እናንተ ጋ ይሁን እንጂ አካውንቱን የከፈተላችሁ ሰው ጋ አይሁን። ከዚያ ኖቲሱ ወይም የአስተናጋጃችሁ ደብዳቤ፣ የኪራይ ውል፣ ፔይስሊፕ ወይም የዩኒቨርሳል ክሬዲት (የመንግሥት ድጎማ) ማስረጃ፣ የቅርብ ወራት የባንክ ስቴትመንት፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ የሕክምና ወረቀት።

ሌላው አድራሻ ነው። ባለፉት አምስት ዓመታት የት የት እንደኖራችሁ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ ለምን እንደወጣችሁ፣ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ በእርጋታ ጻፉ። እዚያ ወንበር ላይ ስትጠየቁ ቀን ይምታታባችኋል። የተምታታ ቀን ደግሞ ውሸት ይመስላል።

አንድ ወረቀት ጎደለ ብላችሁ ግን አትቅሩ። ወረቀት ስለጎደለ ማመልከቻ አልቀበልም ማለት አይችሉም። ተመዝግባችሁ በኋላ ታመጣላችሁ።

ማመልከቻው

ካውንስሎች በስልክ፣ በኦንላይን ፎርም ወይም በአካል ይቀበላሉ። ሕጉ የተወሰነ ፎርም አይጠይቅም። እኔ የምመክረው በኦንላይን ወይም በኢሜይል ልካችሁ፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበትን ስክሪንሾት እንድታስቀምጡ ነው። ማታ ማደሪያ ከሌላችሁ ግን በአካል ሂዱ፣ በጠዋት፣ ቢሮው ሲከፈት። ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ከሆነ የካውንስሉ ዌብሳይት ላይ "አውት ኦፍ አወርስ" የሚል የአስቸኳይ ስልክ አለ።

ሪሴፕሽን ላይ ችግራችሁን ከሀ እስከ ፐ ለመተረክ አትሞክሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ "አይ ዎንት ቱ ሜክ ኤ ሆምለስ አፕሊኬሽን።" ቤት አልባ ነኝ ብዬ ማመልከት እፈልጋለሁ ማለት ነው። ቀጥሎ፦ "አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር።" የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለት ነው። አስተርጓሚ ለእናንተ ነፃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ያገናኟችኋል። እንግሊዝኛ ትንሽ ብትችሉም ጠይቁ። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የአሥር ዓመት ልጅ አባቷ ስለተመታበት እስር ቤት መተርጎም የለባትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ አለ። የካውንስል ቤት ተራ መመዝገብና ቤት አልባ ነኝ ብሎ ማመልከት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተራው ዓመታት ይወስዳል። "ተመዝግቤያለሁ፣ ቢዲንግ እያደረግኩ (ለሚወጡ ቤቶች ጥያቄ እያስገባሁ) ነው" እያለ የሚጠብቅ ሰው ቤት አልባ ሆኖ አላመለከተም ማለት ነው። የምትፈልጉት የትኛውን እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ።

ሲመልሷችሁ

ሠራተኞቹ ሥራ በዝቶባቸዋል፣ ቤት የላቸውም፣ አንዳንዶቹም ሰው የሚመልሱበት ቃል አላቸው። "ቤይሊፍ ሲመጣ ና" ይሏችኋል። የመንግሥት መመሪያ ግን ካውንስሎች ሰውን ቤይሊፍ እስኪመጣ ጠብቅ ብለው በልማድ መመለስ እንደሌለባቸው ይናገራል። "ላጤ ነህ፣ ምንም ማድረግ አንችልም" ይላሉ። ከላይ እንዳልኩት የመከላከልና የሪሊፍ ግዴታ ለላጤም ነው። "የዚህ ቦሮ (ወረዳ) ሰው አይደለህም" ይላሉ። ማመልከቻውን ተቀብለው ማጣራት አለባቸው፤ ወደ ሌላ ካውንስል ማስተላለፍ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ ወይም ሕመም ካላችሁ ደግሞ እስኪያስተላልፉ ድረስ ራሳቸው ማሳደር አለባቸው።

ክርክር ውስጥ አትግቡ። ድምፅ ከፍ ካደረጋችሁ ሴኩሪቲ ይመጣል፣ ቀኑም ይባክናል። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ "ካን አይ ሃቭ ዛት ኢን ራይቲንግ፣ ፕሊዝ?" በጽሑፍ ስጡኝ ማለት ነው። ይህችን ስትሰማ ውስጥ ገብታ ማናጀር አማክራ የተመለሰች ሠራተኛ አይቻለሁ፤ ተመልሳም ፎርሙን አምጥታ ነበር። እምቢ ያሉትን ነገር በጽሑፍ መስጠት ኃላፊነት ነውና ብዙዎቹ ያስቡበታል። የሠራተኛውን ስምና ሰዓቱንም መዝግቡ።

ቃለ መጠይቁ

"ሃው አር ዩ? ጤናህስ?" ሲባል የኛ ሰው "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" ይላል። ሰባት ሌሊት አልተኛም፣ ግን ደህና ነኝ ይላል። ጉዳዩን የያዘችው ሠራተኛ፣ ኬዝወርከሯም፣ "የጤና ችግር የለበትም" ብላ ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ ነገሩን ማቃናት ብዙ ወረቀት ይፈልጋል።

ይህን የምለው ጤና ክፍል የማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ወዲያው ጊዜያዊ ማደሪያ የሚሰጠው ፕራዮሪቲ ኒድ፣ ማለትም ቅድሚያ የሚያሰጥ ችግር፣ ሊኖረው ይችላል ተብሎ ለሚታሰብ ሰው ነው። ነፍሰ ጡር፣ አብረው የሚኖሩ ልጆች ያሉት፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት ቤት ያጣ፣ ቤቱ በእሳት ወይም በጎርፍ የጠፋበት ሰው ያለ ክርክር ይገባል። 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው፣ በካውንስል እጅ ያደጉ ከ18 እስከ 20 ዓመት ያሉ ወጣቶችም እንዲሁ። የቀረው ሰው "ተጋላጭ" መሆኑን ማሳየት አለበት፦ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት፣ በአእምሮ ሕመም፣ በእስር ወይም በሌላ ልዩ ምክንያት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 መለኪያውን ተናግሯል። ጥያቄው ማንኛውም ሰው ቤት ቢያጣ ከሚጎዳው በላይ እናንተ በጉልህ ትጎዳላችሁ ወይ ነው።

ስለዚህ በሊቢያ እስር ቤት ያለፋችሁ፣ የተገረፋችሁ፣ ባሕር ላይ ሰው ሲሞት ያያችሁ፣ ሌሊት የምትባንኑ ከሆነ ይህ ነውር አይደለም፣ መነገር ያለበት ነው። ለጂፒያችሁም (ለሐኪማችሁ) ንገሩ። ጂፒ ከሌላችሁ አድራሻ ባይኖራችሁም መመዝገብ ትችላላችሁ። የጂፒ ደብዳቤ "በሽተኛ ነው" ብቻ ካለ አይጠቅምም። ሕመማችሁ ምን እንደሆነ፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ ውጭ ወይም በተጨናነቀ ሆስቴል ብታድሩ ምን ሊደርስባችሁ እንደሚችል እንዲጽፍ ጠይቁ። ኢንሱሊን የምትወጉ ከሆነ ፍሪጅ እንደሚያስፈልጋችሁ ይጻፍ።

ሌላው አስተናጋጃችሁ ነው። ካውንስሉ ደውሎለት "ትንሽ ጊዜ ሊያቆየው ይችላል?" ይለዋል። እሱም በይሉኝታ "ኧረ ችግር የለም፣ ይቆይ" ይላል። ስልኩን ዘግቶ ግን ሚስቱ ፊት ይጨነቃል። በዚህ ምክንያት ጉዳያቸው የተዘጋባቸው ሰዎች አሉ። አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእውነት ማቆየት የማይችል ከሆነ እውነቱን ይናገር፦ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ የት እንደምትተኙ፣ እስከ ስንት ቀን ብቻ እንደሚያቆይ። ያልሆነውን ሆነ ብሎ እንዲጽፍ ግን አትጠይቁት። ለካውንስል ሐሰት መናገር ወንጀል ነው፣ እሱንም ያስጠይቀዋል።

ወረቀት ገና ያገኛችሁ

ፖዘቲቭ ሲመጣ ደስታው ሳይበርድ ሌላ ሌተር ይከተላል፦ ድጋፉ የሚቋረጥበትና ከቤቱ የምትወጡበት ቀን። በደንቡ የሚሰጠው ጊዜ 28 ቀን ነው፤ ለአንዳንዱ ሰው ሊረዝም ስለሚችል የራሳችሁ ሌተር ላይ ያለውን ቀን ተከተሉ። ካውንስል ለመርዳት 56 ቀን በሚቆጥርበት አገር 28 ቀን ምንም አይደለም። ስለዚህ ሌተሩ የመጣ ዕለት ለካውንስሉ አመልክቱ። የዚያኑ ዕለት ዩኒቨርሳል ክሬዲት ክፈቱ፤ የመጀመሪያው ክፍያ አምስት ሳምንት ገደማ ስለሚቆይ አድቫንስ ጠይቁ፣ በኋላ ከየወሩ እየተቆረጠ ይመለሳል። ዲፖዚት ለመክፈል ሆም ኦፊስ ለስደተኞች የሚሰጠው ወለድ የሌለው ኢንተግሬሽን ሎንም አለ።

ብዙ ልጆች ወረቀት እንዳገኙ ሻንጣቸውን ይዘው ለንደን ይገባሉ። ይገባኛል፤ ጓደኛው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ሥራው እዚያ ነው። ሕጉ ግን ሎካል ኮኔክሽናችሁን፣ ከአካባቢው ጋር ያላችሁን ግንኙነት፣ የሚያየው ሆም ኦፊስ መጨረሻ ባኖራችሁ ከተማ ነው። ሊድስ ወይም ሚድልስብራ ከነበራችሁ የለንደኑ ካውንስል ወደዚያ ሊመልሳችሁ ይችላል። ሌላ ግንኙነት የሚፈጥረው ቋሚ ሥራ፣ ቢያንስ አምስት ዓመት እዚያ የኖረ የቅርብ ቤተሰብ፣ ወይም እናንተ ራሳችሁ ካለፉት 12 ወራት ስድስቱን እዚያ በፈቃዳችሁ መኖራችሁ ነው። ካርታ ላይ ከመወሰናችሁ በፊት ይህን አስቡ። በነበራችሁበት ከተማ ያላችሁ መብት ይበልጥ ጠንካራ ነው፣ ኪራዩም ይቀላል። ዕድሜያችሁ ከ35 በታች ሆኖ ላጤ ከሆናችሁ ቤኔፊት በመደበኛው የሚከፍለው የጋራ ቤት ውስጥ የአንድ ክፍል ሒሳብ ብቻ ነው፣ ለንደን ላይ ደግሞ በዚያ ሒሳብ ክፍል ማግኘት ጭንቅ ነው።

ቤታችሁ ውስጥ የምትጎዱ ከሆነ

ሽማግሌ ገብቶ እስኪጨርስ አትጠብቁ። ሽምግልና ለሚሠራበት ቦታ ክብር አለኝ፤ ዱላ ያለበት ቤት ግን ቦታው አይደለም። ከ2021 ጀምሮ በቤት ውስጥ ጥቃት ቤት ያጣ ሰው በቀጥታ ፕራዮሪቲ አለው፤ ልጅ ባይኖረውም። ጥቃት ማለት ዱላ ብቻ አይደለም። ገንዘብ መንጠቅ፣ ማስፈራራት፣ ፓስፖርት መደበቅ፣ ከሰው መነጠል ሁሉ ይገባል። የፖሊስ ወረቀት ግዴታ አይደለም። የትኛውም ከተማ ያለ ካውንስል ጋ ሄዳችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፤ አደጋ ወዳለበት አካባቢ መልሶ መላክም አይፈቀድም። ኬዝወርከሩ ወይም አስተርጓሚው እናንተን የሚያውቅ የሰፈር ሰው ሆኖ ከፈራችሁ ሌላ አስተርጓሚ ይቀየርልኝ በሉ። ሴት አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

የሴቶች የቤት ውስጥ ጥቃት ስልክ 0808 2000 247 ነው። 24 ሰዓት ይሠራል፣ ነፃ ነው፣ አስተርጓሚ አለው። አደጋው አሁን ከሆነ 999።

ጊዜያዊ ማደሪያ ሲሰጧችሁ

ሩቅ ቢሆንም፣ ቢያስጠላም መጀመሪያ ግቡበት። እምቢ ካላችሁ "ሰጥተነው እምቢ ብሏል" ብለው ጉዳዩን ሊዘጉ ይችላሉ። ገብታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ለምን እንደማይሆን ጽፋችሁ ተከራከሩ። የልጁ ትምህርት ቤት በሁለት አውቶቡስ የሚደረስ ከሆነ፣ እናቲቱ ደረጃ መውጣት ካልቻለች፣ ሻጋታ ካለ፣ በኢሜይል ይላክ። ነፍሰ ጡርን ወይም ልጅ ያለውን ቤተሰብ ኩሽናና ባኞ በሚጋራ ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት ከስድስት ሳምንት በላይ ማቆየት አይፈቀድም። ያን ቀን ካሌንደር ላይ ምልክት አድርጉበት።

ጊዜያዊ ቤት ነፃ አይደለም፣ ኪራይ አለው። የብዙ ሰው ዕዳ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሰው ዩኒቨርሳል ክሬዲት አለኝ ብሎ ይቀመጣል፤ ለጊዜያዊ ማደሪያ ኪራይ የሚከፍለው ግን ሃውዚንግ ቤኔፊት ነው፣ የሚጠየቀውም ከካውንስሉ ነው። ቁልፍ የተቀበላችሁ ዕለት "ሃውዚንግ ቤኔፊት የት ነው የምሞላው?" በሉ። ዕቃችሁን የምታስቀምጡበት ከሌላችሁም ተናገሩ። ማደሪያ የመስጠት ግዴታ ካለባቸው ዕቃው እንዳይጠፋ የማድረግ ግዴታም አለባቸው፤ ክፍያ ግን ሊጠይቁ ይችላሉ።

ፕላኑና ውሳኔው

ከቃለ መጠይቁ በኋላ ፐርሰናል ሃውዚንግ ፕላን ይሰጣችኋል። በአንድ በኩል ካውንስሉ የሚያደርገው፣ በሌላ በኩል እናንተ የምታደርጉት ተጽፏል። ሳታነቡ አትፈርሙ። "በሳምንት አሥር ቤት ይፈልጋል" ተብሎ ከተጻፈና ካልቻላችሁ እዚያው ይቀየርልኝ በሉ። ከተስማማችሁ በኋላ አድርጉት፣ ማድረጋችሁንም ያዙ፤ ለአከራዮች የላካችሁትን መልእክት ሁሉ አታጥፉ። በማስጠንቀቂያ ከነገሯችሁ በኋላ ሆን ብላችሁ ካልተባበራችሁ እርዳታው ሊቆም ይችላል። ቁጥር ሳይታይ የሚደወል ስልክም አንሱ፤ ካውንስል የሚደውለው ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው።

በመጨረሻ የውሳኔ ሌተር ይመጣል። "ፕራዮሪቲ የለህም"፣ "ሆን ብለህ ነው"፣ "ቤት አልባ አይደለህም" ወይም "ያቀረብንልህ ቤት ይስማማሃል" ሊል ይችላል። በዚህ ካልተስማማችሁ ውሳኔው በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ሪቪው፣ ማለትም ውሳኔው እንደገና እንዲታይ፣ መጠየቅ አለባችሁ። አንድ መስመር ኢሜይል ይበቃል፦ በዚህ ቀን በተሰጠው ውሳኔ አልስማማም፣ ሪቪው እጠይቃለሁ፣ ሪቪው እስኪያልቅ ማደሪያዬ ይቀጥል። ዝርዝር ምክንያቱን ጠበቃ በኋላ ይጨምራል። 21 ቀኑ ግን ካለፈ ጠበቃም ብዙ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ሌተር አስተርጓሚ እስኪገኝ ተብሎ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። ፎቶ አንስታችሁ እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው በዚያው ቀን ላኩ። ሪቪውም ካልተሳካ በ21 ቀን ውስጥ ካውንቲ ኮርት ይግባኝ አለ፤ እሱ ግን ያለ ጠበቃ የሚሞከር አይደለም።

የመጨረሻ የቤት ኦፈር ሲመጣም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ቤቱን ተቀበሉ፣ በዚያው ሪቪው ጠይቁ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ይፈቀዳል። እምቢ ብላችሁ ሪቪው ብትጠይቁና ብትሸነፉ ቤቱም ግዴታውም ይቀራል።

የምትደውሉባቸው

ሼልተር የሚባለው የቤት ጉዳይ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ 0808 800 4444፣ ነፃ ነው። ሲቲዝንስ አድቫይስ፣ 0800 144 8848። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ነፃ ጠበቃ ለመጠየቅ ሲቪል ሊጋል አድቫይስ፣ 0345 345 4345። ከሆም ኦፊስ ቤት ለምትወጡ ማይግራንት ሄልፕ፣ 0808 8010 503፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ሰው ውጭ ሲያድር ካያችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ውጭ የምታድሩ ከሆነ፣ ስትሪትሊንክ የሚባለው ዌብሳይት ላይ ቦታውን መዝግቡ፤ የአካባቢው ቡድን ፈልጎ እንዲመጣ ነው። ብርዱ ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ ካውንስሎች ከሌላ ጊዜ ይልቅ በቀላሉ ሰው የሚያስገቡበት የአስቸኳይ ማደሪያ ይከፍታሉና በዚያ ሰሞን የተከለከለ ሰው እንኳን እንደገና ይጠይቅ።

ስትደውሉ መስመሩ ሊቆይ ስለሚችል ጠዋት ሞክሩ። ሲነሳ መጀመሪያ "አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር ፕሊዝ" ብላችሁ ዝም በሉ፤ ስልካችሁን ሳትዘጉ ጠብቁ። ኖቲሱን ወይም ሌተሩን፣ እስክሪብቶና ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉ፤ የሚሰጧችሁን የሪፈረንስ ቁጥርም እዚያው ላይ ጻፉት።